መዝገቡ በዲላ፣ ጸሐፊው በሬኮ፦ ነጻ ሶፍትዌር ለቡና ነጋዴ የሚሰጠው አገልግሎት

የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ፣ ይኸውም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በጌዴኦ ዞን በሬኮ አገር ዋናው ሥራ የሚጀመረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ለማለት ይቻላል። ገበሬው ቀኑን ሙሉ የለቀመውን ቀይ እሸት በጀርባው ተሸክሞ ወይም በእንስሳ ጭኖ ወደ ማጠቢያው ጣቢያ የሚደርሰው ወደ ማታ ስለሆነ፣ በሚዛኑ ዙሪያ ያለው ግፊያ የሚበረታው በዚያ ሰዓት ነው። መዛኙ ኪሎውን ይጠራል፤ ጸሐፊው በደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ገንዘብ ከፋዩ ብሩን ይቈጥራል። እሸቱ ሳይቈይ መፈልፈል ስለሚኖርበት ደብተሩን መልሶ ለመመርመር ፋታ የሚያገኝ ሰው የለም።

በማግሥቱ የደብተሩ ቃል ወደ ላፕቶፕ ይገለበጣል፤ ከላፕቶፑ ወደ ፍላሽ ይቀዳል፤ ፍላሹም ቡና በጫነው መኪና ወይም በሚኒባስ ወደ ዲላ ይላካል። በዲላ ያለው ሒሳብ ያዥ የመጣለትን ቅጂ ከራሱ መዝገብ ጋር ያዋህድና የወጪውን ዝርዝር ጨምሮ በቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ ያስተላልፋል። በአዲስ አበባ ያለው ባለቤት ደግሞ ዋጋውን አርሞ የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል። እንግዲህ አንዱ መዝገብ ሦስት ሆነ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ የትኛው ትክክለኛ እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ሦስቱም ሰዎች በቅን ልቡና እየተናገሩ ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥር ይሰጣሉ።

የዚህን ጉዳት መጠን ለመገመት የቡናን ሒሳብ ማስታወስ ይበቃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። 60,000 ኪሎ እሸት የገዛ ጣቢያ እንግዲህ ወደ 10,000 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ይጠብቃል፤ ይህም በ17 ኪሎ ፈረሱላ ሲሰላ 588 ፈረሱላ ነው። ደብተሩና ላፕቶፑ በ1,000 ኪሎ እሸት ብቻ ቢለያዩ ልዩነቱ 10 ፈረሱላ ወደሚጠጋ ቡና ይደርሳል። ቡናው በመፈልፈያው ላይ ባከነ? በሚዛን ላይ ተሳሳተ? ወይስ ከመጀመሪያውም አልተገዛም? መዝገቡ አንድ ካልሆነ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ዳኛ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜም የሚጠረጠረው ምንም ያላጠፋው ጸሐፊ ነው።

ነገሩ በኪሎ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ነጋዴው እንደ ቀድሞው ችሎ ያልፈው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ የውጭ ገዢ የሚጠይቀው ቡናውን ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ቍጥር 2023/1115 መሠረት፣ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት ያልመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ የበቀለበት ማሳ መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። ስፋቱ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ነጥቡ ግን ከነቍጥሩ 6 የአስርዮሽ አሐዝ ያለው መሆን ይኖርበታል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ አልተሻረም ግን።

ሬኮ በውጭ አገር ስሟ የማይታወቅ ስፍራ አይደለችም፤ ከኮቸሬ ስም ጋር ተያይዛ በባሕር ማዶ ቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ ትነበባለች። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚህ አገር ቡና የሚበቅለው ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በትንንሽ ማሳ ላይ ነው። ማሳው ትንሽ መሆኑ ለመሬቱ በጎ ሲሆን ለጸሐፊው ግን ከባድ ሥራ ነው፤ የአንድ ጣቢያ መዝገብ የብዙ መቶ ገበሬዎችን ስም፣ ከስሙም አጠገብ የማሳውን ነጥብ መያዝ ሊኖርበት ነውና። ይህን የመሰለ መዝገብ በፍላሽ ሲመላለስ አንድ አሐዝ ቢዛነፍ የአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላ ኰረብታ፣ አልፎም ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል።

ለዚህ ዐይነቱ ችግር የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሉት ዘዴ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ዘዴው ሲገለጽ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙም መዝገቡም ሰርቨር በሚባለው አንድ አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰርቨሩ በዲላ ነው እንበል። በሬኮ ያለው ጸሐፊ በፊቱ የሚያየው የዚያ ኮምፒዩተር ገጽ ሥዕል ብቻ ነው። ፊደል በመታ ጊዜ የምቱ ምልክት በመስመር ሄዶ ዲላ ላይ ይሠራል፤ የተለወጠውም ሥዕል ወደ እርሱ ይመለሳል። ፋይሉ ከስፍራው አይነቃነቅም። በሬኮ ያለው ላፕቶፕ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ የጠፋው ዕቃው እንጂ መዝገቡ አይደለም።

ሐሳቡ ዐዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው ብዙ ሰዎች በየመቀመጫቸው ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሥርዐት አሳይተዋል። ማይክሮሶፍት ይህንኑ ለዊንዶውስ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። በአገራችንም ቢሆን ነጋዴው ሳያስተውለው የኖረበት ነገር ነው፤ በዲላ የባንክ ቅርንጫፍ የተከፈተ ሒሳብ በአዲስ አበባ የሚንቀሳቀሰው መዝገቡ በአንድ ስፍራ ስላለ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭ በአዳራሹ ፊት ለፊት ቆመው እጅ ለእጅ ተማትተው ይዋዋሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግን ግብይቱ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ወደሚፈጸምበት ሥርዐት ተሸጋግሯል። ታላላቆቹ ድርጅቶች በብዙ ወጪ ያደረጉትን መካከለኛው ነጋዴ በአነስተኛ ወጪ ለማድረግ የሚያስችለው ነጻ ሶፍትዌር ነው።

ነጻ ሶፍትዌር ሲባል ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊጠቀምበት፣ የአሠራሩን ጽሑፍ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል ማለት ነው። ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ዋጋው ለሻጭ የሚከፈል ሳይሆን ለሚያቆመውና ለሚጠብቀው ሰው የሚከፈል ነው። ይህ ልዩነት በሚገባ ያልገባው ነጋዴ በመጀመሪያው ዓመት ይደሰታል፤ በሁለተኛው ያዝናል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ማንድሬክ የተባለውን የሊኑክስ ዐይነት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ፈረንሳዊው ጋኤል ዱቫል በኋላ ኡልቴዮ የሚባል ኩባንያ መሥርተው ነበር። የኩባንያው ነጻ ሶፍትዌር የዊንዶውስንና የሊኑክስን ፕሮግራሞች ባንድነት በብራውዘር በኩል ለተጠቃሚው የሚያቀርብ፣ ለጊዜው እጅግ የተመሰገነ ሥራ ነበር። አንዱ ክፍል ማን ምን እንዲከፍት እንደ ተፈቀደለት ይቈጣጠራል፤ ሌላው ፕሮግራሞቹን ያስነሣል፤ ሦስተኛው ፋይሎችን ያስቀምጣል። ይህን ተምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ያቆመው ሰው ብዙ ነው። ኩባንያው ግን ሥራውን አቆመ፤ ቅርንጫፉ በካናዳ ኢኑቪካ በተባለ ኩባንያ እጅ በንግድ መልክ ቀጠለ። ነጻው ሶፍትዌር አልሞተም ቢባልም፣ ጕድለቱን የሚያርምለት ሰው ያጣ ሶፍትዌር ከአውታረ መረብ ጋር ተያይዞ ሊቆም አይገባውም። ስለዚህ ነጋዴው ከመምረጡ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ይሠራል?» የሚል ሳይሆን «የመጨረሻው እርማት የወጣው መቼ ነው?» የሚል ሊሆን ይገባዋል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ዛሬ ለመካከለኛ ነጋዴ የሚስማማው አፓቼ ጓካሞሌ የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአፓቼ ድርጅት ሥር ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆኖ ይኖራል። ልዩ ጠባዩ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ምንም ነገር እንዲጫን አለመጠየቁ ነው፤ ብራውዘር ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ እንዲያውም የእጅ ስልክ ይበቃዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላቆመ፣ በየሱቁና በየጽሕፈት ቤቱ ከጥቅም ሊወጡ የተቃረቡ ኮምፒዩተሮች ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ ላይ ሊኑክስ ተጭኖ ብራውዘር ብቻ ቢከፍቱ ለዚህ ሥራ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

የማቋቋሙ ሥራ በሚከተለው መንገድ ይፈጸማል። በመጀመሪያ ሰርቨር የሚሆን አንድ ኮምፒዩተር ይዘጋጃል። በአንድ ጊዜ ለሚሠሩ 6 ወይም 8 ሰዎች 16 ጊጋባይት የማስታወሻ አቅም ለተራ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ ይበቃል። ዲስኩ ግን ሁለት ይሁን፤ አንዱ የተጻፈበትን ሌላው በዚያው ቅጽበት እንዲገለብጥ ሆኖ ይሰናዳ። በዚህ ላይ ገንዘብ የሚቈጥብ ነጋዴ ከመጋዘኑ ቍልፍ ላይ እንደሚቈጥብ ያህል ነው።

ከዚያ ደቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ይጫናል፤ ኡቡንቱ ከሆነ የረዥም ጊዜ ድጋፍ ያለው ዕትም ይመረጣል፤ ለእርሱ አምስት ዓመት እርማት ይወጣለታልና። ቀላል የሆነው የኤክስኤፍሲኢ ገጽ፣ ሊብሬ ኦፊስ፣ እንዲሁም ከሩቅ የሚመጣውን ጥሪ የሚቀበለው ኤክስአርዲፒ ይታከሉበታል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና የራሱ የምሥጢር ቃል ይሰጠዋል። «ለሁላችንም አንድ ይበቃናል» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ መቅረት አለበት፤ ማን ምን እንደ ጻፈ ካልታወቀ የአንድ መዝገብ ጥቅሙ ግማሽ ይሆናል።

ጓካሞሌ ራሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ጓክዲ የተባለው ከጀርባ ሆኖ ከዴስክቶፖቹ ጋር የሚነጋገር አስተርጓሚ ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛው በብራውዘር የሚያየው በር ነው። የተጠቃሚዎቹ ስምና መብት በፖስትግሬስ ወይም በማይኤስኪውኤል መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። ሁሉም በዶከር ዘዴ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ሊያቆመው ይችላል። መጀመሪያ የሚሰጠው የአስተዳዳሪ ስምና የምሥጢር ቃል ሁለቱም ጓክአድሚን ስለሆኑ፣ ይህንንም ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው፣ በዚያው ሰዓት መለወጥ ግዴታ ነው። የብራውዘሩም መንገድ በምሥጢር የተጠበቀ እንዲሆን የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ይህም ሌትስ ኤንክሪፕት ከተባለው ድርጅት ያለ ክፍያ ይገኛል።

ይህን የሚያውቅ ሰው ከወዴት ይገኛል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተመሥርቶ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የዲላ ዩኒቨርሲቲ በዚያችው ከተማ ይገኛል፤ የኮምፒዩተርን ትምህርት የጨረሰ ወጣት ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከእርሱ ጋር የሚደረገው ውል ግን አቁሞ የሚሄድበት መሆን የለበትም፤ በየወሩ መጥቶ እርማቶቹን የሚጭንበት፣ የቅጂውንም ደኅንነት የሚፈትንበት ክፍያ በውሉ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

አሁን ነጋዴዎች ከሁሉ አስቀድመው ወደሚጠይቁት ነገር መምጣት ይገባል፤ እርሱም ፒችትሪ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ የንግድ ድርጅቶች ሒሳባቸውን የሚይዙት በፒችትሪ ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ እንጂ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ አይደለም። ጓካሞሌ ወደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተርም በር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሬኮ ያለው ጸሐፊ በሊኑክስ ላፕቶፕ ብራውዘር ከፍቶ ዲላ ባለው ፒችትሪ ላይ መሥራት ይቻለዋል። የጓካሞሌ ነጻ መሆን ግን የዊንዶውስን ፈቃድ ነጻ አያደርገውም። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ እንዲሠሩ ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ፈቃድ እንዲገዛ ይጠይቃል። ተራው ዊንዶውስ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ገደብ በሥውር ፕሮግራም የሚያልፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነጋዴው ግን የሒሳቡን መዝገብ ምንጩ ባልታወቀ ሥውር ፕሮግራም ላይ ማሳረፉን ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል።

ስለዚህ ብልህ የሚባለው አከፋፈል ይህ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ሰው የሚጽፍበት የሚዛን መዝገብ፣ የገበሬዎች ዝርዝርና የመጋዘን ሒሳብ በሊኑክሱ ሰርቨር ላይ ይሁን። ፒችትሪ በአንድ የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ይቆይና ዋናው ሒሳብ ያዥ ብቻውን ይግባበት፤ አዲስ አበባ ሲሄድም ከዚያው ሆኖ በጓካሞሌ ይክፈተው። ዐዲስ የሚጀምር ነጋዴ ደግሞ ከመነሻው በብራውዘር የሚሠሩትን እንደ ኦዱና ኢአርፒኔክስት ያሉትን ነጻ ፕሮግራሞች ቢመረምር የሪሞት ዴስክቶፕ ጣጣ ጨርሶ ላይገጥመው ይችላል። አንድ ሱቅና አንድ ኮምፒዩተር ያለው ባለሱቅም ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። በሁለት ስፍራ የሚሸጥና አንድ መጋዘን ያለው ከሆነ ግን ዕቃው በአንዱ ሱቅ ሲያልቅ በሌላው ወዲያው እንዲታወቅ ይረዳዋል። ከገዢው ፊት የሚቆመው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በዚህ ዘዴ እንደማይተካ መታወቅ አለበት።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው አንድ መሰናክል አለ፤ ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ ይረሱታል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዐት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሊጻፍ ይችላል። ሪሞት ዴስክቶፕ ሲሆን ግን ጸሐፊው የሚመታው በሬኮ፣ ፊደሉ የሚሠራው በዲላ ነው። ስለዚህ የአማርኛው መጻፊያም ሆነ የፊደሉ ቅርጽ በሰርቨሩ ላይ መጫን አለበት፤ በላፕቶፑ ላይ ብቻ ተጭኖ ከሆነ የገበሬው ስም በባዶ ሳጥን ተተክቶ ይታያል። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች ነጻ ናቸው። ከዚህም ጋር የስም አጻጻፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጸሐፊ «ኀይሉ» ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት ገበሬ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ለዚህ ለእያንዳንዱ ገበሬ ቍጥር ከመስጠት የተሻለ መላ የለም።

የመስመሩ ነገር የሁሉ ቍልፍ ነው። ለጽሕፈት ሥራ የሚያስፈልገው የመስመር ስፋት ብዙ አይደለም፤ ገጹ ባለ ጥቂት ቀለም እንዲሆንና የጀርባው ሥዕል እንዲጠፋ በጓካሞሌ ውስጥ ከታዘዘ በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብም ይሠራል። ከስፋቱ ይልቅ የሚያስቸግረው የመልስ መዘግየት ነው። ጸሐፊው ፊደል መትቶ ፊደሉ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ቢታይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ሰርቨሩ በአውሮፓ ከተከራየ ኮምፒዩተር ይልቅ በዲላ ቢቆም የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከበደ ነው። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ ነጋዴው አይረሳውም። በዚያን ጊዜ መዝገቡን በውጭ አገር ያስቀመጠ ሰው የራሱን ገንዘብ ልክ ማየት አልቻለም። ሰርቨሩ በዲላ ጽሕፈት ቤት ካለ ግን በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በውስጥ ገመድ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚቸገሩት ሬኮና አዲስ አበባ ናቸው። በሬኮም ቢሆን የሚዛኑ ደብተር ሊጣል አይገባም፤ መስመር በጠፋበት ማታ በወረቀት ተጽፎ መስመር ሲመጣ ወደ መዝገቡ ይገባል። በዲላ ያለው ሰርቨር ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ለመቀበል ቋሚ አድራሻ ስለሚያስፈልገው ይህን ከቴሌ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። መብራት በሚጠፋበትም ጊዜ ሰርቨሩና ራውተሩ ሁለቱም ከዩፒኤስ ጋር ይያያዙ፤ ሰርቨሩን ብቻ አያይዞ ራውተሩን የሚረሳ ሰው ስንቱ ነው።

መስመር በተቋረጠ ጊዜ የዚህ ዘዴ እውነተኛ ብልጫ ይታያል።  በሪሞት ዴስክቶፕ የተቋረጠው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ሥራው ዲላ ላይ እንደ ተከፈተ ይጠብቃል። ጸሐፊው ተመልሶ ሲገባ ያቋረጠውን መስመር በዚያው ስፍራ ያገኘዋል።

በሩ ለጸሐፊው ከተከፈተ ለሌባም ሊከፈት እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበት 3389 ቍጥር ያለው ፖርት ለዓለም ክፍት ሆኖ ሲተው ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የታወቀው ብሉኪፕ የተባለው ጕድለት አሳይቷል፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ላቋረጠባቸው አሮጌ ዊንዶውሶች ሳይቀር እርማት ለማውጣት ተገድዶ ነበር። ጓካሞሌም ቢሆን ከእንከን ንጹሕ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቼክ ፖይንት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ከባድ ጕድለት አግኝቶበት 1.2.0 በተባለው ዕትም ታርሟል። ነጻ ሶፍትዌርን የሚጠብቅ ሰው በደመወዝ መያዝ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ከምሥጢር ቃሉ ሌላ በስልክ ላይ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቍጥር እንዲጠየቅ ማድረግ ይቻላል፤ ጓካሞሌ ይህን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከተቻለም ዋየርጋርድ በተባለው ነጻ ቪፒኤን ውስጥ ተጠልሎ በሩ ከአደባባይ ጨርሶ ቢሰወር ይመረጣል።

የገበሬዎች ስም፣ የስልክ ቍጥርና የማሳ መገኛ በአንድ ስፍራ ሲከማች ኀላፊነቱም በዚያው ልክ ይከማቻል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ከንግድ ምሥጢሩ በላይ የሌላ ሰው አደራ በእጁ አለ። በየማታው የመዝገቡ ቅጂ ተወስዶ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ከሰርቨሩም ከመስመሩም ተለይቶ በሣጥን በሚቈለፍ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ ፋይል ቈልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ሊደርሱበት የማይችሉት ከገመድ የተላቀቀውን ቅጂ ብቻ ነውና።

ሥራው የሚጀመርበት ወር አስቀድሞ ይወሰን። በጥቅምት፣ እሸቱ በመጣ ማግሥት፣ ዐዲስ ሥርዐት ማቆም ሠራተኛውን ማስጨነቅ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሰርቨሩ ይቁም፤ በነሐሴ ያለፈው ዓመት መዝገብ ይግባበትና ከሦስቱ ቅጂዎች ትክክለኛው ተለይቶ የቀሩት ይዘጉ። መዝገቦቹን ማስታረቁ ከሶፍትዌሩ ተከላ ይልቅ ብዙ ቀን ሳይወስድ አይቀርም፤ ከአሮጌው ዓመት የተሸፈነ ስሕተት የሚገለጠውም ያን ጊዜ ነው። በመስከረም ጸሐፊው ሬኮ ላይ ተቀምጦ አንድ የገበሬ ስም በመጻፍ ላይ እያለ ራውተሩ ሆን ተብሎ ይነቀል፤ 10 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ተመልሶም ይሰካ። ጸሐፊው እንደ ገና ሲገባ ግማሽ የተጻፈው ስም ጠቋሚው መጨረሻው ፊደል ላይ ቆሞ ካገኘው ሥራውን ከባለሙያው መረከብ ይቻላል። ካላገኘው የመጨረሻው ክፍያ ይቈይ።